የማይደውለው ደንበኛ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎት በድሮው ቴሌኮሙኒኬሽን ጎንደር ላይ በኦፕሬተርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። የእህታቸው ልጅ እዚያው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ለፋርማሲዎችና ለሆቴሎች የሽያጭና የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ሠራተኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ድርጅት አላት። ሁለቱም የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ የሚያነሷቸው አዋጆችና ጥናቶች ግን ያሉ ናቸው።

አጎት፦ ማስታወቂያ አወጣችሁ ሲባል ሰምቼ ብቅ አልሁ። ምን የሚሠራ ሰው ነው የምትፈልጊው?

ልጅት፦ ፕሮግራመር ነው ጋሼ። በቴሌግራም ነው የለቀቅነው። «ዜሮ ዓመት ልምድ» ስላልን ከጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲም የወጣው ልጅ ሁሉ ሲቪውን ላከ። መርጦ መጨረስ ራሱ ሌላ ሥራ ሆነብን።

አጎት፦ ደግ። እኔ ስገባ ግን ስልካችሁ ይጮህ ነበር። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ እንጂ አንዳቸውም አላነሡት። ፕሮግራመር ብትጨምሪ የሚተያይ ሰው መጨመር አይሆንብሽም?

ልጅት፦ አይፍረዱባቸው። ኮድ ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ አንዴ ከተቆረጠ የተወበትን ቦታ መልሶ እስኪያገኝ ብዙ ይቆያል።

አጎት፦ እንዲያ ከሆነ ስልክ የምታነሣ አንዲት ልጅ ቅጠሪያ።

ልጅት፦ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ እሱ ነው። ችግሩ፣ ሶፍትዌሩን የማታውቅ ልጅ «እነግርልዎታለሁ» ብላ ትዘጋለች። ደባርቅ ያለ ባለፋርማሲ ይህችን ቃል ከቀበሌ ጀምሮ ሲሰማት የኖረ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነች አይጠፋውም። ሁለተኛ አይደውልም። እኔ ደግሞ ስልኩ ጸጥ ሲል ሥራችን ተስተካከለ ብዬ ልደሰት እችላለሁ።

አጎት፦ እና የሚያስፈራሽ የማይደውለው ነው በይኛ።

ልጅት፦ የሚደውለውማ ቢቆጣም ከእኛ ጋር ነው። የሚጮኸው ሶፍትዌሩን እየተጠቀመበት ስለሆነ ነው የሚጮኸው። ዝም ያለው ወደ ደብተሩ ተመልሷል። የዓመቱን ክፍያ ከፍሎ፣ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሶ፣ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ብጠይቀው «ኧረ ደህና ነው፣ ምንም አይል» ይለኛል። «ሥራችሁ አልረባኝም» ቢለኝ እናቴን የሚያስቀይም ይመስለዋል። የይሉኝታው ዋጋ የሚወጣው ከሁለታችንም ኪስ ነው።

አጎት፦ ይህንማ እኔ ቦርዱ ላይ ሆኜ ጠግቤዋለሁ። በኛ ጊዜ ንግግር በሦስት ደቂቃ ነበር የሚሸጠው። ከሦስቱ ሁለቱ በሰላምታ ያልቃል። ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ክርስትናው ይነሣል። «ሰዓትዎ አልቋል» ስንል ነው ሰውዬው «እግረ መንገዴን…» ብሎ መርዶ የሚናገረው።

ልጅት፦ አሁንም አልተለወጠም! ባለሆቴሉ ስለ ማተሚያው ይደውላል። ማተሚያው ሲስተካከል ያመሰግናል፣ ይመርቃል፣ ሊዘጋ ሲል «እግረ መንገዴን፣ የትናንቱ የእንግዳ ሒሳብ ሁለቴ የገባ መሰለኝ» ይላል። ያውም የጥምቀት ሰሞን፣ ክፍሉ ሁሉ ሞልቶ። ለመዝጋት የሚቸኩል ልጅ ማተሚያውን ጠግኖ ዋናውን ነገር ሳይሰማ ይቀራል።

አጎት፦ ዝም ያለውንስ እንዴት ነው የምታናግሩት?

ልጅት፦ «ደህና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። «ትናንት መጨረሻ የሸጡትን መድኃኒት ከስክሪኑ ላይ ያንብቡልኝ» ነው የምንል። ሰውዬው የዛሬ ወር ቀን ካነበበ ወደ ደብተር መመለሱን አወቅን ማለት ነው፤ እሱም አላፈረ፣ እኛም አልወቀስነው።

አጎት፦ ይህቺ ጥሩ ናት። ግን ዘመኑ የኢንተርኔት ነው እያላችሁ ስልክ ላይ እንዲህ መንጠልጠላችሁ ይገርመኛል።

ልጅት፦ አገሩን ይዩት እንጂ። ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ በአዲስ አበባ በስልክ መተግበሪያ ታክሲ የሚያስጠራ ድርጅት ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚያውቀው 8294 የምትለዋን ቁጥር ነው። ደውሎ ነው መኪና የሚጠራው። ገበሬውም ዘንድ እንደዚያው ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 በነጻ የሚደወል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚናገር መስመር ነበር። ዳባትና ወገራ ያለ ገበሬ ቁልፍ እየተጫነ ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው ይሰማ ነበር፤ ማንበብ አያስፈልገውም ነበር። ሶፍትዌር ከድምፅ ጋር ሲሄድ ነው እኛ ዘንድ የሚያዘው።

አጎት፦ ደግሞም ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ድምፁ ነው የሚቀር።

ልጅት፦ እሱማ በደንብ ታየ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ለወራት ነው የቆየው። በደህናው ቀን «ኤኒዴስክ ይክፈቱልኝ» ብለን ኮምፒውተሩን ከዚህ ሆነን እንነካዋለን። ዳታ ከሌለ ያ የለም። ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም በፈለጉት ቀን የሚኬድበት አልነበረም። የቀረው «ከታች በግራ በኩል ምን ይታይዎታል?» እያሉ ሰውዬውን በጆሮው መምራት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ሶፍትዌሩ ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ መኖር አለበት፤ ደመና ላይ የሰቀሉት ሁሉ አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። የሚያወራውም ሰው ሳያይ ማየት አለበት።

አጎት፦ እንግዲያው መልሱን ራስሽ ተናገርሽው። የምትቀጥሪው ሰው ፈተናው ስልክ ነው።

ልጅት፦ እኔም ወደዚያው ነኝ። ግን ኮድ የማይችልን አንደበተ ርቱዕ ቀጥሬስ ምን ላደርገው ነው? ሁለቱንም እፈትናለሁ። የኮዱ ፈተና ቀላል ነው፤ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን። የስልኩ ፈተና ነው ያስቸገረኝ።

አጎት፦ ዲግሪው፣ ውጤቱ፣ ወረቀቱስ ምንም አይናገርም ማለት ነው?

ልጅት፦ በር ለማስገባት ይጠቅማል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ያለፈና ያላለፈ መለየቱ አይከፋም። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ምስክር ወረቀትም ዛሬ የሌለው አመልካች የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ካለው ደግሞ አንዱን ካንዱ አይለይልኝም። የልምድ ዓመት የሚሉት ነገርማ ከሁሉም ይብሳል። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የሚባሉ ሁለት ምሁራን በፈረንጆቹ 1998 የ85 ዓመት ጥናት ሰብስበው የትኛው የቅጥር ዘዴ የወደፊት ሥራን ቀድሞ እንደሚናገር መዘኑ። ዜሮ ማለት ዕጣ ከማውጣት አይሻልም፣ አንድ ማለት ሳይስት ይናገራል ብለው ይያዙት። ሥራውን ራሱን አሠርቶ መፈተን 0.54 አገኘ። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ 0.51፣ እንደመጣ የሚወራበት 0.38። የሥራ ልምድ ዓመት 0.18፣ የትምህርት ዓመት 0.10።

አጎት፦ «አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ» እያለ ጋዜጣ የሚሞላው ማስታወቂያ ሁሉ በ0.18 ነው?

ልጅት፦ እሱም በዛ። ሳኬት የሚባል ሌላ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 2022 ስሌቱን ሲያርመው አብዛኞቹ ቁጥሮች ወረዱ፤ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ 0.42 ሆኖ ፊት ሲመራ፣ የልምድ ዓመት 0.07 ላይ ቀረ። ሥራ አሠርቶ መፈተንም ወደ 0.33 ወርዷል። ለዚህ ነው በአንዱ ብቻ የማልደገፈው።

አጎት፦ መልካም። አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የመጣሁት ለማስታወቂያው ወሬ ብቻ አይደለም። የአክስትሽ የባሏ ወንድም ልጅ አመልክቷል። ጨዋ ልጅ ነው። «አደራ» ብለውኛል።

ልጅት፦ ጠርጥሬ ነበር። ቡናውን ሳይጠጡ ወሬ ሲጀምሩ።

አጎት፦ እኔ ቅጠሪው አልልም። እይው ነው የምል።

ልጅት፦ «እይው» ማለት «ቅጠሪው» ማለት እንደሆነ አንቱም ያውቁታል፣ አክስቴም ታውቀዋለች። ጋሼ፣ ዘመድ መቅጠር ኃጢአት አይደለም፤ ግማሹ ጎንደር ሱቅ በዘመድ ነው የቆመ። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ዘመዴ ከሆነ ደንበኛው ቅሬታውን ይውጣል። «የሷ ሰው ነው» ይልና ዝም ይላል። ዝም ያለ ደንበኛ ደግሞ…

አጎት፦ ገባኝ፣ ገባኝ። ዋስስ አያስፈልገውም? እኔ እሆነዋለሁ።

ልጅት፦ ዋስ ለምን? ገንዘብ አይዝም። የሚይዘው ከገንዘብ የከፋ ነው። ፋርማሲ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ማን የትኛውን መድኃኒት እንደወሰደ ያያል። ደባርቅ ላይ የስኳሩም፣ የአእምሮውም፣ የሌላውም በሽታ መድኃኒት ገዢው ስሙ ተጽፎ ነው የሚገኘው፤ በከተማው የማይተዋወቅ የለም። አንድ ልጅ ቡና ላይ ስም ቢጠራ ምን ዋስ ይመልሰዋል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚገባው ይቆጥረዋል። አዋጁ ባይኖርም ነገሩ ነውር ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው በሐሰተኛ ስሞች በተሞላ ቅጂ ላይ ነው፤ የደንበኛውን ኮምፒውተር የሚነካውም ባለቤቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያየ ብቻ።

አጎት፦ እኛም መስመር ላይ የሰማነውን እስከ መቃብር ነው የምንይዝ። አንዳንዱን አሁንም ይዤዋለሁ። ስንቱ ሰርግ ሳይደገስ እንደቀረ፣ በማን ምክንያት እንደቀረ ብነግርሽ…

ልጅት፦ አይንገሩኝ።

አጎት፦ አልነግርሽም፤ መያዜን ልንገርሽ ብዬ ነው።

ልጅት፦ እንዲያውም ጋሼ፣ ፈታኝ እየፈለግሁ ነበር። አንቱ ለምን ደንበኛ አይሆኑልኝም?

አጎት፦ እኔ? ኮምፒውተር መች ነክቼ?

ልጅት፦ የሚፈለገው እሱ ነው! አንቱ በዚያኛው ክፍል ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። አመልካቹ እዚህ ስልክ ብቻ ይዞ። አንቱ የደባርቅ ባለፋርማሲ ነዎት። «ማተሚያው ደረሰኝ አልሰጥም አለኝ» ብለው ይደውላሉ። ስክሪኑ ላይ በቀይ «ስህተት 4» የሚል ነው ያለው፣ እውነቱ ግን ወረቀት አልቋል።

አጎት፦ እሱማ ይቀላል።

ልጅት፦ እንዳይመስልዎት። «ፕሪንተሩን ሪስታርት ያድርጉት፣ ድራይቨሩን ቼክ ያድርጉ» የሚል አለ። አንቱ ቃሉን አያውቁትም፤ ያፍሩና «እሺ» ይላሉ። አመልካቹ «እሺ» ሲባል ይበቃዋል ወይስ ምን እንዳዩ ይጠይቃል? ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ኒውዮርክ ላይ በፈረንጆቹ 2000 ፎግ ክሪክ የሚባል ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ጆል ስፖልስኪ፣ ደንበኛ ያመጣው ችግር ሁለት ጊዜ ይጠገን ይላል፤ አንዴ ለደንበኛው፣ አንዴ ከምንጩ። ወረቀት አስገብተው ማተሚያው ከሠራ በኋላ ልጁ ለእኛ «ይህ ‹ስህተት 4› የሚለው ጽሑፍ ‹ወረቀት አልቋል› ይባል» ብሎ ይጽፋል ወይ? ካልጻፈ በሚቀጥለው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ ያለው ይደውልልናል። ወይም አይደውልም።

አጎት፦ ሦስተኛም ያለሽ ትመስያለሽ።

ልጅት፦ ሦስተኛዋ ናት ዋናዋ። ሊዘጉ ሲሉ፣ ከምርቃቱ በኋላ፣ «እግረ መንገዴን፣ ይህ ጊዜው የሚያልፍ መድኃኒት የምትሉት ዝርዝር ካስገባችሁልኝ ጀምሮ ባዶ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ።

አጎት፦ ባዶ ከሆነ ምስጋና ይገባዋላ።

ልጅት፦ ለብዙ ወራት አንድም መድኃኒት ወደ ማለፊያው ያልቀረበበት ፋርማሲ የት አለ? ነገሩ ይህ ነው፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። 08/2026 ይላል፤ በኛ ነሐሴ 2018 ግድም ማለት ነው። ባለፋርማሲው ያየውን እንዳለ የኢትዮጵያ ቀን በሚጠይቅ ሳጥን ውስጥ ካስገባው፣ ሶፍትዌሩ ሚያዝያ 2026 ዓ.ም. ብሎ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ጊዜው አልፎ ሌላ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ሶፍትዌሩ ትንፍሽ አይልም። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ የለም። ማንም ስለዚህ አይደውልም። የሚደወለው ስለ ወረቀት ነው።

አጎት፦ ጉድ ነው! እና ባዶው ዝርዝር ያስደነገጠውን ልጅ ትፈልጊያለሽ።

ልጅት፦ «ባዶ ነው? እስኪ አንድ ካርቶን ያንሡና ቀኑን ያንብቡልኝ» የሚለውን። እሱን ካገኘሁ ኮዱ ትንሽ ቢያንስ አስተምረዋለሁ። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት «እግረ መንገዴን»፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ለአንዱ አዝነው ፍንጭ ከሰጡ ፈተናው ከንቱ ነው።

አጎት፦ ይህ ፈተና ታዲያ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የጎረቤቴ ልጅ አንድ ድርጅት «ፈተና ነው» ብሎ ለቀናት የደንበኛ ሥራ አሠርቶት፣ ሥራውን ተረክቦ፣ ወሬውም ጠፋ።

ልጅት፦ እኛ ለግማሽ ሰዓት ነው፤ የሚሠራውም ሐሰተኛ ነገር ነው፣ ልንሸጠው አንችልም። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ይከፈለዋል። ረጅሙን ፈተና ሕጉ ራሱ ሰጥቶናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ይፈቅዳል፤ ደመወዙ እየተከፈለ። ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ትንሽ ድርጅት ነን ብሎ በቃል የሚቀጥር ብዙ ነው፤ በጽሑፍ ካልተዋዋሉ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ደብዳቤ መስጠት አለበት። ጡረታው 11 በመቶ ከእኔ፣ 7 በመቶ ከሱ። ይህን አስልቼ ነው አንድ ሰው ብቻ የምቀጥረው።

አጎት፦ ቀሪዎቹንስ? ያላለፉትን?

ልጅት፦ ለሁሉም እንጽፍላቸዋለን። የተፈተኑትንማ ደውዬ የት ላይ እንደቀሩ እነግራቸዋለሁ። ደግነት ብቻ እንዳይመስልዎት። ጎንደር ስንት የሚሆን ከተማ ነው? ዛሬ መልስ ያልሰጠሁት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የአንድ ሆስፒታል ወይም የትልቅ ሆቴል የአይቲ ኃላፊ ሆኖ ዋጋ ማቅረቢያዬን ያነባል። አመልካችም ደንበኛ ነው፤ ዝም ሲባል እሱም ዝም ይላል፣ ግን አይረሳም።

አጎት፦ ያገኘሽው ጎበዝስ ቢሆን አዲስ አበባ አይሄድብሽም? ወይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ አገር መሥራቱ አይቀር።

ልጅት፦ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ከቆየልኝ በቂ ነው። ይዞት እንዳይሄድ የምሰጋው ኮዱን አይደለም፤ ኮዱ እዚሁ ነው ያለው። ለባለፋርማሲው ማታ ማታ ሽያጩን ልጁ እንደሚያስገባለት፣ ባለሆቴሏ ሒሳብ የምትዘጋው ከቅዳሴ በኋላ እንደሆነ፣ ማን ሲያፍር «እሺ» እንደሚል፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ከሄደ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ይጻፋል፤ ሰላምታው ሳይቀር አልልም፣ እግረ መንገዱ ግን ሳይቀር።

አጎት፦ ስልኩን ማን ያንሣው የሚለውን ግን አልጨረስነውም።

ልጅት፦ ተረኛ ይኖራል፤ እንደ ሆስፒታል። በየሳምንቱ አንድ ሰው፣ ፕሮግራመር ሆነ አልሆነ፣ እኔንም ጨምሮ። ተረኛው በዚያ ሳምንት ኮድ ይጻፍ አይባልም። ሌሎቹ ስልክ ሲጮህ ቀና አይሉም። ሰኔ 30 እና የጥምቀት ሰሞን ተረኛ ሁለት ይሆናል። ስልኩ ካልጮኸ ደግሞ ተረኛው ዝም ላሉት ራሱ ይደውላል።

አጎት፦ ተጨዋውተን ጨረስነው። መቼ ልምጣ?

ልጅት፦ ሰኞ፣ በሦስት ሰዓት። ስምንት ልጆች አሉ። ለሁሉም ባለፋርማሲ ይሆናሉ።

አጎት፦ ለሰባቱ። አደራ ያሉኝን ልጅ ሌላ ሰው ይፈትነው፤ ድምፄን ያውቀዋል፣ እኔም ባዶው ዝርዝር ጋ ስደርስ መሳሌ አይቀርም።